የክረምት የድርሰት ጉባኤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፤ አሠራሩ፣ ጥቅሙና ችግሩ

ሰኔ ሲያልቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ተማሪው የዓመቱን ውጤት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ደብተሮቹም ከአልጋ ሥር ወይም ከሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። እነዚያን ደብተሮች ከኋላ በኩል ገልጦ ያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አስተማሪው ያላየውን ነገር ያገኛል። ከፊት በኩል የሒሳቡና የታሪኩ ማስታወሻ ሲሆን፣ ከኋላ በኩል ግጥም፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ተጀምሮ የቀረ ታሪክ ተጽፎበታል። ማንም ጻፍ ብሎ አላዘዘውም፤ ማንም አላረመውም፤ ማንም አላነበበውም።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ ስለ ደብተሩ የኋላ ገጽ ነው። በአንዳንድ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በዕረፍቱ ወራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠርተው ለጥቂት ሳምንታት ድርሰት ያስጽፋሉ። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ አንዱ ቀን እንዴት እንደሚውል፣ በአገራችን ከኖረው የቅኔ ትምህርት ጋር በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ፣ በዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ላሉት ትምህርት ቤቶች ቢጀመር ምን ችግር እንደሚገጥመው ከዚህ በታች በየተራው እንገልጻለን። አሳባችን በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ድርሰት የሚለመደው ሕጉን በመስማት ብቻ አይደለም፤ የራስን ጽሑፍ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ በመስማት ጭምር ነው። ስለዚህ ለወጣቱ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እርሱን የሚያዳምጥ ጉባኤ ነው።

በክፍል የሚጻፈውና በጉባኤ የሚጻፈው

በትምህርት ቤት ድርሰት አይጻፍም ማለታችን አይደለም። ሁላችንም ጽፈናል። «የዕረፍት ጊዜዬን እንዴት እንዳሳለፍሁ»፣ «ከትምህርትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል»፣ «የውኃ ጥቅም» እየተባለ ርእስ ይሰጠናል፤ አንድ ገጽ ሞልተን እናስረክባለን፤ ከሳምንት በኋላ በቀይ ቀለም ተሠምሮበት፣ ከዐሥር ሰባት ወይም ስምንት ተጽፎበት ይመለስልናል። ቀዩ መሥመር የሚያርፈው በፊደሉ ግድፈት፣ በአራት ነጥቡ መጥፋት፣ በአንቀጹ አለመለየት ላይ ነው። ይህን የምንለው አስተማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ የስድሳ ተማሪዎች ደብተር ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው በአንድ ምሽት ከዚህ የበለጠ ሊሠራ አይችልም።

ነገር ግን ተማሪው ከዚህ አሠራር አንድ የተሳሳተ ትምህርት ይቀስማል። ይኸውም ጽሑፍ ማለት አስተማሪ ስሕተት የሚፈልግበት ነገር ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ስሕተት የማይገኝበትን ዓረፍተ ነገር እየመረጠ ይጽፋል። ስሕተት የማይገኝበት ዓረፍተ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው አስቀድሞ የተናገረው ነው። ተማሪው ንጹሕ ገጽ ያስረክባል፤ በገጹ ላይ ግን እርሱ ራሱ የለም።

በክረምቱ ጉባኤ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ውጤት አይሰጥም፤ ማንም አያልፍም፣ ማንም አይወድቅም። ሁለተኛ፣ አንባቢው አንድ አስተማሪ ብቻ መሆኑ ይቀርና ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት እኩዮች ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ እንደገና ይጻፋል። በክፍል ውስጥ የታረመ ድርሰት ያለቀ ድርሰት ነው፤ በጉባኤ ውስጥ ግን እርማቱ መጀመሪያ ነው።

የልማዱ አመጣጥ

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የድርሰት ጉባኤ፣ በተለመደው ስሙ ወርክሾፕ የሚባለው፣ ስሙ የገነነው በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በዚያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃው ትምህርት ዲን የነበሩት ካርል ሲሾር የፈጠራ ሥራ እንደ ጥናት ጽሑፍ ተቈጥሮ ለከፍተኛ ማዕርግ ሊቀርብ እንደሚችል አስታወቁ። እስከዚያ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ግጥም የሚጠናበት ቦታ ነበር እንጂ ግጥም የሚጻፍበት ቦታ ተደርጎ አይታይም ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. በዊልበር ሽራም ኃላፊነት የደራስያኑ ወርክሾፕ ተቋቋመ፤ ከ1941 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገጣሚው ፖል ኤንግል መሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተማሪው ቍጥር በጨመረ ጊዜ ጉባኤው በአዮዋ ወንዝ ዳር በተተከሉ የጦር ሠራዊት የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ይካሄድ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበሮችና ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ መሆኑን ያስረዳል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ከድኅረ ምረቃ ወደ ታች ወረደ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ በዕረፍቱ ወራት የሁለት ሳምንት የድርሰት ትምህርት ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ ግጥም ወይም ልብ ወለድ መርጠው በትንንሽ ቡድን ይሠራሉ። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ ወራቱ ከእኛ የዕረፍት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ትምህርት አላቸው። አንዳንዶቹ ከሩቅ ለሚመጣና ክፍያ ለሚችል ተማሪ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በአጥራቸው አጠገብ ላሉት ትምህርት ቤቶች ልጆች ይሠራሉ። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ሥራዎች መታወስ ይገባቸዋል። በ1970 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ኬኔት ኮክ በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ግጥም ስለ ማስተማር የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ «ስለ ፈለግኸው ነገር ጻፍ» ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ ስንኝ በምኞት ቃል እንዲጀምር የሚያዝዝ አጭር ሕግ ይሰጣሉ። ሕጉ ጠባብ ሲሆን ልጁ ይበልጥ ነፃ ሆኖ ተገኘ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ጄምስ ግሬይ የሚባሉ ሰው ለአስተማሪዎች የዕረፍት ጊዜ የድርሰት ትምህርት ጀመሩ። መሠረቱ ድርሰት የሚያስተምር ሰው ራሱ ጸሐፊ መሆን አለበት የሚል ነበር። ይህ ሥራ ቈይቶ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። ከሁለቱም የምንማረው አለን፤ ከመጀመሪያው ለጀማሪ ጠባብ ሕግ እንደሚጠቅም፣ ከሁለተኛው ደግሞ ጉባኤውን የሚመራው ሰው ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ መጻፍ እንዳለበት።

አንዱ ቀን እንዴት ይውላል

የአንዱ ቀን ሥራ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ ንባብ ነው። መሪው አጭር ታሪክ ወይም ግጥም ያቀርባል፤ ስለ ደራሲው የሕይወት ታሪክ ብዙ አይነገርም፤ ይልቁንም «ይህ ታሪክ ለምን ከዚህ ላይ ጀመረ? ሰውየው ሳይናገር እንደ ተቈጣ በምን አወቅን?» እየተባለ ይጠየቃል። ቀጥሎ ጽሕፈት ነው። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ሁሉም፣ መሪውም ጭምር፣ በዝምታ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ጉባኤው ነው። በዋዜማው ተባዝቶ የታደለውን የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ሁሉም አንብበው መጥተዋል፤ አሁን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። አንባቢው ጸሐፊው ራሱ ባይሆን ይመረጣል፤ ጸሐፊው በድምፁ የሚደግፈው ደካማ ስፍራ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ወዲያው ይታወቃልና።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ዝም ይላል። ይህ ደንብ ለሰሚው ጨካኝ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ጸሐፊው «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብሎ ካስረዳ ጉባኤው የሚያመሰግነው ማስረጃውን እንጂ ጽሑፉን አይሆንም። ገጹ ወደ አንባቢ የሚሄደው ብቻውን ነው፤ ጸሐፊው አብሮት ሄዶ አያስተረጉምለትም። ተናጋሪዎቹም ሥርዓት አላቸው። አስቀድመው ከጽሑፉ ምን እንደ ተረዱ ይናገራሉ፤ ቀጥለው የያዛቸውን ስፍራ ያመለክታሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የጠፋባቸውን ስፍራ ይጠይቃሉ። «እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈው ነበር» ማለት አይፈቀድም። መሪው የሚናገረው ከሁሉም በኋላ ነው።

አሠራሩን ለማስረዳት ያህል እኛው ራሳችን ያዘጋጀነውን ምሳሌ እናቅርብ። አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል፤

«ድህነት ክፉ ነው። እናቴ በሕይወቷ ብዙ መከራ አይታለች። እኔም እናቴን በጣም እወዳታለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ላይ ቀይ ቀለም የሚያርፍበት ቦታ የለም። ፊደሉ ተጠንቅቋል፤ አሳቡም የሚያስመሰግን ነው። በጉባኤው ግን አንዷ ተማሪ «የእኔም እናት እንዲሁ ናት፤ የአንተን እናት ግን አላየኋትም» ትላለች። ሌላው «መከራዋ ምንድን ነው? ጠዋት ስትነሣ በመጀመሪያ ምን ትሠራለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ የሚመጣው ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

«እናቴ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች። ምጣዱን ስታስስ የጎመን ዘሩ ሽታ እኔ እስከ ተኛሁበት ድረስ ይመጣል። ሠላሳውን እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ዐይኖቿ ከጭሱ የተነሣ ቀልተው ይታያሉ። ለቍርሳችን የምታቀርብልን ዐይን ያላወጣውን እንጀራ ነው፤ ዐይን ያለውን ትሸጠዋለች።»

በዚህኛው ጽሑፍ ውስጥ ድህነት የሚል ቃል የለም፤ መከራም፣ ፍቅርም የሚል የለም። ሦስቱም ግን አሉ። ልብ ማለት የሚገባን ተማሪው በአንድ ሌሊት አዲስ ቋንቋ እንዳልተማረ ነው። እንጀራው፣ ምጣዱ፣ ጭሱ ሁሉ ቀድሞም የእርሱ ነበሩ። ለድርሰት የሚበቁ ነገሮች መሆናቸውን ግን የሚነግረው አላገኘም ነበር። የጓደኛው አንድ ጥያቄ ይህን ነገረው።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት

ይህ ሁሉ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። የአዮዋው ጉባኤ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ድርሰት መጻፍን ሳይሆን ድርሰት መፍጠርን የሚያስተምሩ ቤቶች ነበሩ። በዚያ ያለ ተማሪ የቀደሙትን ቅኔዎች በቃሉ ማጥናቱ ብቻ አይበቃውም፤ ግሡንና አገባቡን ይዞ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ማቅረብ አለበት። በማኅሌት የተሰማ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይሰማም፤ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበም ይናቃል።

የቀኑም አካሄድ ከላይ ካየነው ጋር በብዙ ይመሳሰላል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምስጢሩንና ሰዋስዉን ይዘረዝራሉ። ተማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ዛፍ ሥር፣ ወደ ገደል አፋፍ፣ ሰው ወደማይደርስበት ስፍራ ሄዶ ቅኔ ይቈጥራል። ሲመለስ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተጣመመው ይቃናል፤ ቤት ያልመታው ይመለሳል። ትምህርቱም ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚሄድ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ በሦስት ቤት ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ቀጥሎም በአምስት ቤት ወደ ዋዜማ እያለ በስምንት ቤት እስከ መወድስ ይደርሳል። ኬኔት ኮክ ጠባብ ሕግ ለጀማሪ እንደሚጠቅም በኒው ዮርክ ያገኙት ነገር በእኛ ቅኔ ቤት የቈየ ሥርዓት ነው። የዚያን የተማሪነት ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አለቃ ለማ ኃይሉ የተናገሩትን ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ የጻፉትን የትዝታ መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ቅኔ የተማሩ ነበሩ።

ልዩነቱንም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በቅኔ ቤት የሚፈርደው መምህሩ ነው፤ የመምህሩ ፍርድ ይግባኝ የለውም። በወርክሾፑ ግን የሚናገሩት እኩዮች ናቸው፤ እኩዮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውቀት ይልቅ በስሜት ይናገራሉ። ቅኔ ቤቱ ለግእዝና ለመንፈሳዊ አገልግሎት የቆመ ነው፤ በጎጃም በቅኔ መምህርነታቸው የታወቁትን ዐይነ ስውሯን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ቢገኙም፣ በሩ ለሴቶች ሰፊ አልነበረም። ስለዚህ አንዱን ጥለን ሌላውን እንያዝ አንልም። ከቅኔ ቤቱ የዕለት ተዕለቱን ሥራ፣ ከትንሽ ቅርጽ መጀመርን፣ የተማረ ሰው እርማትን እንውሰድ፤ ከወርክሾፑ የእኩያን ጥያቄ፣ የዕለት ኑሮን ለድርሰት መብቃትና ለሁሉም የተከፈተውን በር እንውሰድ።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃው ትምህርት በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነገግ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ተደርጓል። የዚህን ጥቅምና ጉዳት መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለድርሰት ያለው ውጤት ግን ግልጽ ነው። ተማሪው ስለ ሴልና ስለ ኤሌክትሪክ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ከእናቱ ጋር በሌላ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ስለ ራሱ አሳብ ግን በየትኛውም ቋንቋ ጽፎ አያውቅም። እንግሊዝኛው ለአሳቡ ይጠብበታል፤ የቤቱ ቋንቋ ደግሞ ለከባድ ነገር የማይሆን መስሎ ይታየዋል። በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሞ በሁለቱም ዝም የሚል ወጣት ማየት የተለመደ ነው።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። አሳቡን በጽሑፍ ማቅረብ የማይችል ሰው ማመልከቻውን ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ አቤቱታውንም ሌላ ሰው ይናገርለታል። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ የጥናት ጽሑፍ አቅርብ ሲባል ከመጽሐፍ የቀዳውን ከማስረከብ በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም። መምህራኖቻችን ዘወትር የሚያማርሩበት ይህ ጉድለት የሚጀምረው ከዚሁ ደብተር ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ተማሪው በክረምቱ ጉባኤ በመጀመሪያ መጻፍ ያለበት ሕልም በሚያይበት ቋንቋ ነው። ቋንቋው አማርኛ ይሁን፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ፣ ምርጫው የእርሱ መሆን አለበት። ይህም ሥራውን ያከብደዋል፤ ጠረጴዛዎቹ በቋንቋ መለየት ይኖርባቸዋል፤ ለየጠረጴዛውም ቋንቋውን የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ መልካም ሥራ ይከተላል፤ ተማሪው የራሱን ጽሑፍ ለሌላው ጠረጴዛ ለማሰማት ወደሚግባቡበት ቋንቋ ይተረጕመዋል። የራሱን ዓረፍተ ነገር የተረጐመ ሰው ሁለቱንም ቋንቋዎች ከብዙ የሰዋስው ትምህርት ይልቅ ይማራቸዋል። እንግሊዝኛም ቢሆን ቦታ አለው። ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ ካሳተሙ በኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ በለንደን ታትሞላቸዋል። በሁለት ቋንቋ መጻፍ የሚቻለው ግን በአንዱ አስቀድሞ መናገር ሲቻል ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ዝምታው ደንብ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በ2021 እ.ኤ.አ. ትውልዱ ከኮሪያ የሆነው አሜሪካዊ ደራሲ ማቲው ሳሌሰስ ባሳተመው መጽሐፍ የወርክሾፑን አሠራር ነቅፏል። አንባቢዎቹ የጸሐፊውን ባህል የማያውቁ ሲሆኑ ጸሐፊውን ዝም ማሰኘት የእነርሱን አለማወቅ ዳኛ ማድረግ ነው ይላል። የከተማ ልጅ ስለ ከብት ጥበቃ የተጻፈ ታሪክ ሲያነብ፣ ደገኛው የቈላውን፣ አንዱ የሌላውን የለቅሶ ሥርዓት ሲሰማ ይህ ችግር በእኛም ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጸሐፊው በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይስማ፤ በመጨረሻ ግን እርሱ ራሱ ጉባኤውን የሚጠይቅበት ጊዜ ይሰጠው። ደንቡን እንዳለ ከመቅዳት ለእኛ እንዲስማማ አድርጎ መቍረጥ ይሻላል።

መድረኩና አድማጩ

ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ጻፉ ብሎ ሲጠራ ምን እንደሚከተል ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ሲከበር የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ተማሪው ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም አቀረበ። ግጥሙ ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ በከተማው ተሰማ፤ የግጥሙ መድረክም ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ለተማሪዎች ልብ የሚናገሩበት፣ ለባለ ሥልጣኖች ደግሞ የሥጋት ምንጭ ሆነ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ወጣቱ ሁልጊዜ ስለ ፖለቲካ ይጽፋል የሚል አይደለም። አብዛኛው ስለ ፍቅር፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሞተበት ወንድሙ ይጽፋል። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ እውነተኛ ጽሑፍ የሚጠራ ተቋም የሚመጣለትን ለመስማት አስቀድሞ መወሰን አለበት። ተማሪን «የልብህን ጻፍ» ብሎ፣ የልቡን ሲጽፍ መደንገጥ ከማስተማር ይልቅ ያሳስተዋል፤ ዳግመኛም ወደ ንጹሑና ባዶው ገጽ እንዲመለስ ያደርገዋል። በሌላ በኩል የልጆቹን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የተነበበ የቤተ ሰብ ነገር ከጠረጴዛው መውጣት የለበትም፤ ያለ ጸሐፊውም ፈቃድ አንድ መሥመር አይታተምም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ባዶ ከሚሆኑት ክፍሎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቢፈቀዱ ይበቃል። በየጠረጴዛው ከዐሥራ ሁለት የማይበልጡ ተማሪዎች፣ ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ጠዋት ብቻ። ጠዋት ብቻ ያልነው በምክንያት ነው። በክረምት ሴቷ ተማሪ የቤት ሥራ ይጠብቃታል፤ ወንዱም ብዙ ጊዜ ሊስትሮ ጠርጎ፣ ሎተሪ አዙሮ ወይም በእርሻ ረድቶ የመስከረሙን ደብተር የሚገዛበት ወር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉባኤ የሚመጡለት ቤታቸው የደላቸው ልጆች ብቻ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ከላይ የጠቀስነው እንጀራ ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚሁም ጉዳይ ጉባኤው ያለ ክፍያ መሆን አለበት።

አመራረጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በክፍል አንደኛ የወጣውን ብቻ መርጦ መላክ ለትምህርት ቤቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የደብተሩን የኋላ ገጽ የሚሞላው ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው አይደለም። በእኛ አስተያየት ተማሪው ራሱ አንድ ገጽ ጽፎ ቢያመለክት፣ ያ ገጽም በፊደሉ ጥራት ሳይሆን በውስጡ አንድ የታየ ነገር በመኖሩ ቢመዘን ይሻላል።

መሪዎቹስ እነማን ይሁኑ? ቀድሞ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ በትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። ያ ሥራ ተማሪ ተማሪን ማስተማር እንደሚችል አሳይቷል። እኛም ሦስት ሳምንት ልንሰጥ እንችላለን። ግን መምህራኖቻችን ጠረጴዛውን በበላይነት ካልጠበቁት፣ ከእኛ መካከል አፈ ቀላጤው ብቻ የሚናገርበት፣ ዐይን አፋሩ ተማሪ አንድ ጊዜ ተሥቆበት ዳግመኛ የማይመጣበት ቦታ እንዳይሆን እንሠጋለን። ክፉ ጉባኤ ከምንም ጉባኤ ይብሳል፤ ቀይ ቀለም ያልገደለውን ሣቅ ይገድለዋልና።

በመጨረሻም ከዚህ ሥራ ብዙ ደራስያን ይወጣሉ ብለን ተስፋ አንሰጥም። ከአንድ ጠረጴዛ አንድ ደራሲ ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ባይወጣም የሚያሳፍር አይደለም። ሌሎቹ ነርስ፣ ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ የቀበሌ ጸሐፊ ይሆናሉ። ሁሉም ግን አንድ ጊዜ በሕይወታቸው የጻፉት ነገር ዐሥራ አንድ ሰዎች በጥሞና አንብበውት፣ «ከዚህ ላይ አየሁህ፤ ከዚህ ላይ ጠፋህብኝ» ብለዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የሌላውን ጽሑፍ ሲያነቡ፣ የሌላውንም አቤቱታ ሲሰሙ፣ ያንኑ ትዕግሥት ይዘው ይሰማሉ ብለን እናምናለን።

የሚመጣው ሰኔ ሩቅ አይደለም። አሳቡ የሚስማማቸው መምህራንና ተማሪዎች ክፍል በመጠየቅ፣ የየቋንቋውን መሪ በመፈለግ፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ዳይሬክተሮች ጋር በመነጋገር እንዲተባበሩን በትሕትና እንጠይቃለን። አሳቡን የሚነቅፉም ነቀፌታቸውን ጽፈው ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን፤ እኛም ዝም ብለን እንሰማለን።